ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ጫማዬን ልስቀል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ የስፖርት ገጽ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረምክልን። ደሴ ነው ያለሁት፣ ሸዋ በር አካባቢ። 22 አመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሆጤ ሜዳ ላይ በፕሮጀክት ነው ያደግኩት፣ ከዛ ከፍተኛ ሊግ ላይ ለሚጫወት አንድ ክለብ ፈረምኩ (ስሙ ይቅር)። የመስመር ተጫዋች ነኝ፣ በፍጥነቴ ነው ሰው ሚያውቀኝ። አምና ልምምድ ላይ ማንም ሳይነካኝ ልዞር ስል ጉልበቴ ውስጥ ቷ! ሲል ሰማሁት፣ ማታውን ሱሪ አላስገባ ብሎ አበጠ። የቡድናችን ወጌሻ አሸልኝ፣ ቅባት ምናምን ተደረገ፣ ዲክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ ተወጋሁ፣ በአምስተኛው ሳምንት ጨዋታ ገባሁ። ለአሰልጣኙ «ደህና ነኝ» ነው ያልኩት ምክንያቱም ቦታዬን የያዘው ልጅ ጎል ማግባት ጀምሮ ነበር። ከዛ በኋላ ቀጥ ብዬ ስሮጥ ምንም አይለኝም፣ ስዞር ግን ይከዳኛል፣ ስንቴ ወደቅኩ መሰለህ። በስተመጨረሻ አዲስ አበባ ወርጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ኤሲኤል የሚሉት ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ ሜኒስከስ የሚሉት የጉልበት ውስጥ ትራስም ተቀዷል አሉኝ። አንዱ ዶክተር ኦፕሬሽን አለ፣ ሌላው ኳሱን እርሳው አለ። ውሌ ሲያልቅ ክለቡ ስልኬን ማንሳት ተወ። አሁን ቤት ነኝ። ሸርፍ ተራ በወረድኩ ቁጥር ሰው ሁሉ «መቼ ነው ምትመለሰው?» ይለኛል፣ እኔም «ቀጣይ ወር» እላለሁ፣ ወላሂ ስንት ቀጣይ ወር አለፈ። አባቴ ስለ ኳስ ማውራት አቁሟል። ጫማዬን ልስቀል? ከሰቀልኩስ ምን ልሁን? ትምህርቴን 10ኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፣ ከኳስ ሌላ ማውቀው የለኝም።
7 ቁጥር ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ 7 ቁጥር፣ መጀመሪያ አብሽር። አንድ ጥያቄ የጠየቅክ መስሎህ ሁለት ነው የጠየቅከው፣ አንዱ የጉልበትህ ነው አንዱ የኳስህ፣ ተቀላቅለው ከተመለሱ ሁለቱም ይበላሻሉ። ጉልበቱን እናስቀድም፣ ምክንያቱም ኳሱን ብትተወው እንኳን ጉልበቱ ካንተ ጋር ገና ሀምሳ ምናምን አመት ይኖራል፣ ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ከፒያሳ ተነስተህ ሰፈርህ ለመግባት እንኳን ደህና ጉልበት ትጠይቅሃለች።

ሰው ኤሲኤል ሚበጠሰው ተጠልፎ ሲወድቅ ይመስለዋል፣ አብዛኛው ግን ያለ ንክኪ ነው፣ እግር መሬት ላይ ተተክሎ ገላ ሲዞር። ጅማቱ ያለው ጉልበት መሀል ላይ ነው፣ ስራው የታችኛው አጥንት ወደፊት እንዳይንሸራተትና ስትዞር እንዳይጠማዘዝ መያዝ ነው፣ ለዛ ነው ቀጥ ብለህ ስትሮጥ ምንም ሳይልህ ስትዞር ሚከዳህ። በዛው ማታ ያበጠው ውስጥ ደም ስለፈሰሰ ነው። ያን ሰአት ሚያስፈልግህ እረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ በባንዴጅ ጠበቅ አርጎ ማሰር፣ እግርን ከፍ አርጎ መተኛት፣ ከዛ ደግሞ ጉልበት የሚያውቅ ሀኪም ጋ መሄድ ነበር እንጂ መታሸት አልነበረም። ወጌሻው ክፉ አስቦ አይደለም፣ በወለምታ ስንቱን አድኖ ይሆናል፣ ግን የተበጠሰ ኤሲኤል በማሸት አይገናኝም፣ ትኩስ እብጠት ሲታሽ ደግሞ ጭራሽ ሊብስ ይችላል።

እብጠቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መውረዱ አይቀርም፣ ያኔ ሁሉም ሰው «ዳነ» ይላል። አልዳነም። ዲክሎፌናኩ ህመሙን አጠፋልህ እንጂ ጅማቱን አልቀጠለልህም፣ ህመሙ ደግሞ አትግባ እያለ ሲነግርህ የነበረ ብቸኛው ነገር እሱ ነበር። ማጠፊያው የላላ በር በዘጋኸው ቁጥር ፍሬሙን እየበላው ነው ሚሄደው፣ ጉልበትም በከዳህ ቁጥር ሜኒስከሱንና የአጥንቱን ጫፍ ሚሸፍነውን ካርቲሌጅ እየፈጨ ነው ሚሄድ። ሜኒስከስህ ያን ቀን ይቀደድ ከዛ በኋላ በወደቅክ ጊዜ ይቀደድ አሁን ማንም ለይቶ አይነግርህም፣ ግን እየከዳው የሚጫወት ሰው በሰላሳዎቹ እድሜ ውስጥ የሽማግሌ ጉልበት ይዞ ቢገኝ ሚገርም ነገር አይደለም። (በነገራችን ላይ መድሀኒቱን አሁንም ከፋርማሲ እየገዛህ ምትውጥ ከሆነ ተው፣ ለጨጓራም ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም።)

ከጻፍከው ሁሉ እኔን ያስቆመኝ ግን «ደህና ነኝ አልኩት» ያልከው ነው። አልፈርድብህም፣ ውሉ የአመት ነው፣ የተቀመጠ ይረሳል፣ ቤተሰብም ይጠብቃል። ግን እኔ ልጅ ተጫዋችን ካደገ ተጫዋች ምለየው በጎሉ ብዛት አይደለም፣ ስለ እግሩ እውነቱን ለአሰልጣኙ መናገር ሲችል ነው አደገ ምለው። እኛ ሀገር ደግሞ ተቃራኒውን ነው ምናስተምረው፣ እያነከሰ የጨረሰውን «ወንድ ነው» ብለን እናጨበጭብለታለን፣ በማግስቱ ያጨበጨበው ሁሉ የለም።

ሁለቱ ዶክተሮች የተጣሉ መስሎህ ግራ ገብቶሃል፣ ብዙም አልተጣሉም። ኦፕሬሽኑ ማለት ከራስህ እግር፣ ከጭንህ ጀርባ ወይም ከጉልበትህ ሎሚ ስር፣ ጅማት ተወስዶ በተበጠሰው ቦታ መተካት ነው፣ ሜኒስከሱም ሚሰፋ ከሆነ አብሮ ይሰፋል። አዲስ አበባ ላይ በካሜራ ሚሰሩት ሀኪሞች አሉ። ከዛ በኋላ ያለው ነው ረጅሙ፣ ወደ ጨዋታ ለመመለስ ትንሹ 9 ወር ነው፣ እሱም ጭንህ ጥንካሬ ካገኘ ብቻ። ተሰርቶላቸው ወደ ውድድር ሚመለሱት ስንት ናቸው ካልክ፣ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ 55 ያህሉ ናቸው። እነዛ ጥናቶች ውስጥ ያሉት ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ፊዚዮቴራፒ ደጃቸው ላይ ያለ ናቸው። ስለዚ «እርሳው» ያለህ ሀኪም ይሄንን ቁጥር አስቦ ነው፣ «ኦፕሬሽን» ያለህ ደግሞ ጉልበትህን አስቦ ነው። ተመልሰህ ሂድና ሶስት ነገር ጠይቅ፦ ሜኒስከሱ ይሰፋል ወይስ ይቆረጣል? ካርቲሌጁ ምን ያህል ተጎድቷል? ኳስ ባልጫወት፣ በተራ ኑሮ ብቻ፣ ኦፕሬሽኑ ያስፈልገኛል? ሶስተኛው ላይ «ጡንቻውን ካጠነከርክ ላያስፈልግህ ይችላል» የሚሉህም አሉ፣ በተለይ በተራ እርምጃ ላይ የማይከዳህ ከሆነ።

እስከዛው ዝም ብለህ አትቀመጥ። ልብስ ሰፊ ጋ ያለውን ሜትር ተዋስ፣ ከጉልበትህ ሎሚ በላይ አንድ ስንዝር ለክተህ ምልክት አርግ፣ እዛ ላይ የሁለቱንም ጭን ዙሪያ ለካ። የተጎዳው ሳስቶ ታገኘዋለህ፣ ይሄ ሁሉ ወር የከዳህ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ ጡንቻው ጅማቱን ማገዝ አቅቶታል። ከኦፕሬሽን በፊት ጭኑን ያጠነከረ ሰው ከኦፕሬሽን በኋላም ይሻለዋል። አንዴ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄደህ እንቅስቃሴዎቹን አሳዩኝ በለው፣ ከዛ ከወንበር መነሳትና መቀመጡን፣ የእግር ማንሳቱን ቤትህ መስራት ትችላለህ። የሰፈር ጨዋታ ግን የለም፣ «ግማሽ ሰአት ብቻ» ሚባልም የለም። ጦሳ ተራራ ላይ እየሮጡ መውጣት የለመደብህ ከሆነም ለጊዜው ተወው፣ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው ጉልበት ሚበላው።

የገንዘቡን ነገር ውልህን አውጥተህ አንብበው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 በስራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የህክምናው ወጪ የአሰሪው ነው ይላል፣ ስልክ አለማንሳት መልስ አይደለም። በጽሁፍ ጠይቅ፣ ኮፒውን ያዝ፣ ካልሆነ ፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለው፣ ደሞዝና ውል የተካደ ተጫዋች ሁሉ ሚያመለክተው እዛ ነው። ጊዜ አትስጥ፣ እንዲህ አይነት ክስ ጊዜ ካለፈበት ይሞታል።

አሁን ወደ ኳሱ። አርሰናል ደጋፊ መሆንህን አልጻፍክም ግን ደሴ ስለሆንክ ግማሽ እድሉ አለ። የአርሰናሉ ጃክ ዊልሸር እ.ኤ.አ. በ2008 በ16 አመቱ ለዋናው ቡድን ገባ፣ በ2010/11 ገና በ18ና በ19 አመቱ ወደ 50 የሚጠጋ ጨዋታ አጫወቱት፣ የሚቀጥለውን የውድድር አመት ደግሞ በቁርጭምጭሚቱ ምክንያት ሙሉውን ከሜዳ ውጪ አሳለፈው። ከዛ በኋላ እየተመለሰ እየተጎዳ፣ እየተመለሰ እየተጎዳ፣ 2022 ላይ በ30 አመቱ ሰቀለ። ወዲያው የአርሰናል ከ18 አመት በታች አሰልጣኝ ሆነ፣ በ2023 ልጆቹን የኤፍኤ ዩዝ ካፕ ፍጻሜ አደረሳቸው። ራያን ሜሰን የባሰ ነው፣ ሀል ሲቲ እያለ በ2017 ከቼልሲ ጋር ሲጫወቱ በጭንቅላት ተጋጭቶ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፣ በ26 አመቱ በሀኪም ምክር አቆመ፣ በ29 አመቱ ግን ቶተንሃምን በጊዜያዊነት ይዞ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ መራ።

«ሮናልዶስ ተመልሶ የለ እንዴ?» ትለኝ ይሆናል፣ ብራዚላዊውን ማለቴ ነው። ተመልሷል፣ ግን እንዴት እንደተመለሰ እይ። የሱ ሌላ ጅማት ነው፣ የጉልበት ሎሚን ሚይዘው። ህዳር 1999 ተጎድቶ ኦፕሬሽን ተደረገ፣ አምስት ወር ሳይሞላው ሚያዝያ 2000 ላይ ላዚዮን ሊገጥም ገባ፣ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ማንም ሳይነካው እዛው ጉልበት ላይ ተበጠሰ። ሁለተኛውን ጊዜ ከአመት በላይ ቆየ፣ ከዛ ነው በ2002 አለም ዋንጫ 8 ጎል አግብቶ ዋንጫ የበላው። በሱ ታሪክ ሰው ሁሉ ሚያወራው ስለ 8ቱ ጎል ነው፣ ለኔ ግን ስለ ሚያዝያዋ ጨዋታ ነው ማወራው።

እና ጫማህን ልስቀል ላልከው፣ ለዚህ አመትና ለሚቀጥለው፣ አዎ ስቀለው። ለእድሜ ልክ መስቀሉን ደግሞ ጭንህ ከሌላኛው ጋር እኩል ከሆነ በኋላ ከሀኪምህ ጋር ትወስናለህ፣ ዛሬ ለመወሰን መረጃው የለህም። ኑሮህን ግን እንደማይመለስ ሰው አስበህ አደራጅ። የማታ ትምህርት ተመዝገብና ከቆምክበት ቀጥል፣ ወይ ቴክኒክና ሙያ ግባ። ከኳስ መራቅ ካልቻልክ የአሰልጣኝነት መግቢያው የካፍ ዲ ላይሰንስ ነው፣ ኮርሱ ሲወጣ እንዳያመልጥህ ዞን ስፖርት ጽህፈት ቤት እየሄድክ ጠይቅ። ዳኝነትም አለ ግን እሱም ሩጫና መዞር ስላለው ጉልበቱ ሳይድን አይሆንም። በሴቶች አለም ዋንጫ ያጫወተችው ዳኛችን ሊዲያ ታፈሰ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት፣ ፊሽካውንም ፋርማሲውንም ይዛ ነው እዛ የደረሰችው።

ስለ ሸርፍ ተራው፣ «ቀጣይ ወር» ማለቱን ዛሬ አቁም። «ጅማቴ ተበጥሷል፣ ዘንድሮ አልጫወትም» በል፣ አንድ ሳምንት ያወሩበታል ከዛ ሌላ ወሬ ይመጣል። አባትህ ዝም ያለው የተናደደብህ መስሎህ ይሆናል፣ እኔ ግን እንዳያሳምምህ ፈርቶ ይመስለኛል፣ የኤምአርአዩን ወረቀት ይዘህ ሂድና ቁጭ ብለህ አንብብለት። አንድ ነገር ደግሞ ሳትቆጣ ስማኝ፣ ስራ የፈታ ተጫዋች ከሰአት በኋላውን በጫት እንደሚሞላው ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። በርጫው ላይ ሁሌ ተመልሰህ ትጫወታለህ፣ ሲመረቀን ጉልበቱም ይድናል፣ ማታ ግን እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ካጣህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ ሰው ማየት ካስጠላህ እሱም ጉዳት ነው፣ እሱም ሀኪም አለው። ጀርመናዊው ሴባስቲያን ዳይስለር ባየር ሙኒክ እየተጫወተ ለድብርት በይፋ ታክሟል፣ ጉልበቱም አልመለስ ብሎት በ27 አመቱ አቁሟል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከኮምቦልቻ ነው ምጽፈው። ልጄ 13 አመቱ ነው፣ ለትምህርት ቤትም ለፕሮጀክትም ለሰፈርም ይጫወታል፣ በሳምንት እረፍት ያለው አይመስለኝም። ከጉልበቱ ሎሚ ትንሽ ዝቅ ብሎ እብጥ ያለ ጠንካራ ነገር ወጥቶበታል፣ ሲነካ ያመዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ያመዋል። አሰልጣኙ «ወንድ ልጅ ይጠንክር» ይለዋል፣ ጎረቤቶች ወጌሻ ይጫነው ይላሉ። እናት ነኝ፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከነገርሽኝ ስነሳ ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው ነገር ይመስላል፣ ሀኪም አይቶ ያረጋግጥልሽ። በእድገት እድሜ ላይ የጭን ጡንቻ ጅማት ታች አጥንቱ ላይ ሚጣበቅበት ቦታ ገና ለስላሳ ነው፣ በሩጫና በዝላይ ብዛት ሲጎተት ያብጣል ያማል። አደገኛ አይደለም፣ እድገቱ ሲያልቅ አብዛኛው ልጅ ይተወዋል፣ ጉብታው ግን ሊቀር ይችላል። መጫን መታሸት የለበትም፣ ለስላሳ ቦታ ላይ ነው ያለው አልኩሽ እኮ።

ሙሉ በሙሉ ኳስ ከልክይው አልልሽም፣ ልጁ ያብዳል አንቺም ታብጃለሽ፣ ግን ከሶስቱ ቡድን አንዱን ይምረጥ። የህጻናት ስፖርት ሀኪሞች ሚሉት ቀላል ሂሳብ አለ፣ በሳምንት ሚሰራው የስፖርት ሰአት ከእድሜው ቁጥር አይብለጥ፣ ያንቺ ልጅ 13 ነው፣ ስለዚ ጨዋታውም ልምምዱም ተደምሮ 13 ሰአት፣ ቢያንስ አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ኳስ የሌለበት። እያነከሰ ከሆነ ግን ያን ቀን አይጫወትም፣ በቃ። ማታ ከእንቅልፉ ሚቀሰቅሰው ህመም ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይ ጭኑንና ዳሌውን አሞኝ እያለ ሚያነክስ ከሆነ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጂው፣ እነዚህ የኦስጉድ ነገር አይደሉም።

አሰልጣኙን ደግሞ በጨዋ ደንብ አነጋግሪው። ልጁ ራሱ «አሞኛል» ብሎ እንዲነግረው አብረሽው ቁሚ እንጂ አንቺ አትንገሪለት። ከላይ የጻፈልኝን የደሴውን ልጅ በ13 አመቱ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ እንዲህ ቢያለማምደው ኖሮ ምናልባት በ21 አመቱ «ደህና ነኝ» አይልም ነበር።

ጥያቄ፦ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ ነኝ፣ እዛው ኮምቦልቻ። ልጆቹ ጉዳት ይደብቁኛል፣ አውቃለሁ ግን እንዴት ላስቁማቸው? ከጉዳት ሚከላከል ልምምድስ አለ?

መልስ፦ አሰልጣኝ፣ ሚደብቁህ የተናገረ ልጅ ምን እንደደረሰበት ስላዩ ነው። አሞኛል ያለውን ቦታውን ነጥቀህ ለወር ከረሳኸው ቀሪዎቹ አፋቸውን ዘጉ ማለት ነው። ስለዚ ህግ አውጣ፣ ሁሉም ፊት ተናገረው፦ ጉዳቱን በቀኑ የነገረኝ ልጅ ሲድን ለቦታው የመፎካከር እድሉን አያጣም፣ የደበቀኝ ግን ያጣል። እና ህጉን መጀመሪያ ሚፈትነው ያንተ ምርጥ ተጫዋች ይሆናል፣ ዋንጫ ጨዋታ ዋዜማ ላይ፣ እዛ ጋ ከተንሸራተትክ ህጉ የለም።

ልምምዱ አለ፣ ፊፋ 11 ፕላስ ይባላል፣ ከ14 አመት በላይ ላሉት ነው የተዘጋጀው፣ ለህጻናት ደግሞ ለብቻው አለ። ሶስት ክፍል፣ 15 እንቅስቃሴ፣ 20 ደቂቃ ያህል ነው ሚወስደው፣ ኳስና ሜዳ ካለህ ሌላ እቃ አይፈልግም። በትክክል በሰሩት ቡድኖች ላይ ጉዳት በሲሶና ከዛም በላይ ቀንሷል፣ ሚሰራው ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ሳይቋረጥ ከተሰራ ነው። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ «ሰውነታችን ሞቋል» ብለው ልጆቹ ሊዘሉት ይሞክራሉ፣ ሙቀቱ የአየሩ ነው የጡንቻቸው አይደለም በላቸው። ደሴ ለጨዋታ ስትወጡ ደግሞ የሀረጎን ዳገት ጨርሳችሁ ከመኪና እንደወረዳችሁ ብርዱ ላይ ወዲያው ሙሉ ፍጥነት አታስሩጣቸው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ መሞከር ትችላለህ። ልጆቹን አንድ በአንድ ዝቅ ካለ ደረጃ ላይ በሁለት እግር አዝልላቸውና አንተ ፊት ለፊት ቁመህ ጉልበታቸውን ብቻ እይ። ሲያርፉ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ እየገቡ ሚጋጩ ከሆነ፣ ወይ እግራቸው ሳይታጠፍ ድርቅ ብለው ሚያርፉ ከሆነ፣ ስማቸውን ጻፍ። ኤሲኤል (የጉልበት መሀሉ ጅማት) በዛ አይነት አስተራረፍም ይበጠሳል። ጉልበት በእግር ጣት አቅጣጫ፣ ዳሌ ወደኋላ፣ ለስለስ ብሎ ማረፍ፣ ይሄንን በየልምምዱ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስተካክላቸው። ሴቶች ልጆች ካሉህ ከነሱ ጀምር፣ ከወንዶቹ ይልቅ እነሱ ላይ ነው ኤሲኤል አብዝቶ ሚበጠሰው።